ዓርብ የተነፋው ጥሩምባ

የሶልያና ስም በዕጣ በወጣበት ማክሰኞ ጠዋት ሰኞ ገበያ ከተማ ውስጥ እልል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። አደባባዩ ላይ ስክሪኑን ከብቦ የቆመው ሕዝብ መጀመሪያ ስሟን አነበበ። ቀጥሎ ከስሟ ሥር ያለውን ቁጥር አነበበ። ከዚያ ዞሮ እሷን አየ። ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ይላል፤ ከመቶ ሠላሳ አንድ። በዚህች ከተማ ሰው ከአባቱ ስም ይልቅ በቁጥሩ መታወቅ ከጀመረ ቆይቷልና፣ ሠላሳ አንድ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

«እኔ ነኝ?» አለች ሶልያና፣ ፀጉሯ ላይ የበነነውን ዱቄት ሳታራግፍ።

«አንቺ ነሽ እንጂ! ወፍጮ ቤት ያላት ሌላ ሶልያና አለች?» አለች ጎረቤቷ ማርሲላስ። ማርሲላስና ሶልያና አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሳትና ጨው ተበዳድረዋል። ማርሲላስ ይህን ተናግራ አንድ እርምጃ ከአጠገቧ ራቀች።

ቁጥሩን የሚሰጠው የቀበሌው ግድግዳ ነው። ጤነኛ የሆነ ነዋሪ ሁሉ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እየሄደ ግድግዳው ላይ አሥር ኳስ ይመታል፤ ግድግዳው ይቆጥራል፤ ቁጥሩ በየቤቱ በር ላይ ይበራል። ሶልያና ይህን ሥራ ግብር እንደሚከፍል ሰው ነው የምትሠራው። በነጠላ ጫማ ትመጣለች፣ አሥሩንም ኳስ ወደ ግራ ትለጋለች፣ ወፍጮዋ እንዳይግልባት እየሮጠች ትመለሳለች። በአርባ ሰባት ዓመቷ ኳስ ያሳድገኛል ብላ አስባ አታውቅም፤ ያዋርደኛል ብላም እንደዚሁ።

ነገሩ እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። እዚህ ያደረሰው ፍትሕ ፍለጋ ነው። የሶልያና አባት ልጅ በነበሩበት ዘመን፣ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ቡድን ዝም ብሎ ወደ ላይኛው ሊግ ያድግ ነበር አሉ። ይኼ ፍትሐዊ አይደለም ተባለ፤ ዘግይቶ የነቃ ቡድን ለምን ተስፋው ይቆረጣል? ስለዚህ ከላይ ያሉት አራቱ በመለያ ጨዋታ ይጋጠሙ ተባለና ተጋጠሙ። ባለሜዳውን ደጋፊው ጠቀመው ተባለ፤ ገለልተኛ ሜዳ ተፈለገ። ዳኛው ተገዛ ተባለ፤ ዳኛ ቀርቶ ማሽን ገባ። ሀብታም ከተማ ለመለያ ጨዋታ ብቻ ከባሕር ማዶ አጥቂ አስመጣ ተባለ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ አስመጥቷል። በመጨረሻ አዋቂዎች ተሰበሰቡና፣ ተጫዋች ይገዛል፣ ዳኛ ይገዛል፣ የማይገዛ ዕጣ ብቻ ነው አሉ። እናም ለፍጻሜ ከደረሱት ሁለት ከተሞች አንድ አንድ ነዋሪ በዕጣ ይወጣል። አንዱ ይመታል፣ ሌላው በር ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ቦታ ይቀያየራሉ። አንዱ ብልጫ እስኪያገኝ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ፍትሕ አንድ እርምጃ በሄደች ቁጥር ኳሱ ወደ ተራው ሰው ደጅ አንድ እርምጃ ቀረበና፣ ይኸው ወፍጮ ቤት ገባ።

በላይኛው ሊግ ያለ ከተማ ውሃው በየቀኑ ይመጣል፣ ባቡሩ ይቆምለታል፣ ሐኪሙም ሥጋ ለባሽ ነው። ሰኞ ገበያ ግን ታችኛው ሊግ ውስጥ ስላለች ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይንጠባጠብላታል፣ ባቡሩ እያፏጨ ያልፋታል፣ ሐኪሙ ደግሞ ስክሪን ላይ ብቅ ብሎ «ምላስዎን ያውጡ» ይልና ይጠፋል። ዘንድሮ የከተማዋ ቡድን ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው አንደኛ ነበር። የፍጻሜ ተጋጣሚዋ፣ ዋርካ ሜዳ የተባለችው ከተማ፣ አራተኛ ሆና የጨረሰች ናት። ለዓመቱ ልፋት ሰኞ ገበያ ያገኘችው ብልጫ፣ ቀድሞ የሚመታውን ከተማ የመምረጥ መብት ብቻ ነው። በዚህ ላይ ዕጣው ሶልያናን አወጣላት። ሕዝቡ ቢቃጠል ይፈረድበታል?

ከዕጣው ነፃ የሚያወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ። በሽታ አያወጣም፤ ጣታቸውን በመዶሻ የሰበሩ ሰዎች ታይተዋል። እርግዝናም አያወጣም። ሐዘን ግን ያወጣል። አባት፣ እናት ወይም ልጅ የሞተበት ሰው በለቅሶው ሳምንት ኳስ አይመታም፤ በእሱ ፈንታ ሌላ ዕጣ ይወጣል። ማስረጃው የእድር ጥሩምባ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች አገሩን ያውቁታልና፣ ሰው ሁሉን ነገር ያስመስላል፣ የእድር ጥሩምባ ግን በሐሰት አይነፋም ብለው ጻፉ።

ሶልያና ደግሞ አባት አላት፤ አልጋ ላይ የዋለ አባት።

ረቡዕ ዕለት ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞላ። እህል ያመጣ ግን ጥቂት ነው።

«አባባ ናትናኤል እንዴት አደሩ?» አለች የመጀመሪያዋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው።»

«ደህና?» የሴትዮዋ ፊት ዝናብ እንደነካው ካርቶን ወረደ። «ሳሉስ?»

«ሳሉም ቀለል ብሎታል።»

«ውይ» አለች ሴትዮዋ፣ እህሏን ሳታስፈጭ ተሸክማ ወጣች። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው ሰው ያንኑ ጠየቀ። ከእሱ ቀጥሎም እንዲሁ። እንደዚያ ቀን አባቷ የተጠየቁበት ቀን የለም። አልጋ ላይ በዋሉበት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን ያልረገጠ ሁሉ፣ ምግብ ይወስዳሉ ወይ፣ እንቅልፍ ይተኛሉ ወይ፣ እግራቸው አብጧል ወይ እያለ መረመራት። «አብጧል» ስትል ዓይናቸው ይበራል። «ትናንት ግን ጎደለ» ስትል ይጠፋል። ኬሻ ልታነሳ ስታጎነብስ ደግሞ አሥር ሰው ይጮህባታል፦ «እግርሽን! እግርሽን ተጠንቀቂ!» እግሯ የእሷ መሆኑ ቀርቶ የከተማው ንብረት ሆኗል። አንዱ ጎረምሳማ እንዲያውም ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን አየት አድርጎ ምራቁን ጢቅ አለ።

ወደ ማታ ቤቷ ገብታ ለአባቷ አጥሚት ሰጠቻቸው። አባባ ናትናኤል የእድሩ ድንኳን ተካይ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ የሞተ ሰው ሁሉ የተለቀሰለት እሳቸው በተከሉት ድንኳን ሥር ነው። አሁን ሳንባቸው ደክሞ በመስኮቱ በኩል መንገዱን እያዩ ይውላሉ።

«ዛሬ ስንት ሰው ጠየቀሽ?» አሏት።

«ማንን?»

«እኔን።»

«ሰው ይወድሃል እኮ አባዬ።»

አባባ ናትናኤል ሳቁና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸው። «ለቀባሪው አረዱት አሉ! ልጄ፣ ሞቱ የሚጠበቅ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ እኔ አጥቼው ነው? ጠያቂው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ዓይኑ ግን ለድንኳኑ ግቢውን ይለካል። ዛሬ ብቻ ስንቱ በዚህ መስኮት አልፎ ግቢዬን ለካው መሰለሽ።»

ሶልያና ትራሳቸውን ከፍ አደረገችላቸው። «ጠጣ፣ አፈር ስሆንልህ» ብላ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

ሐሙስ ዕለት የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሮቤል በቀን ብርሃን፣ ከነካፖርታቸው መጡ። ወንበር ሲሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡ።

«እድሩ ተነጋግሯል» አሉ።

«ምን ብሎ?»

«እሑድ ጨዋታው ላይ ብትስቺ ከነቤትሽ ከእድሩ ትሰረዣለሽ። ላንቺ ብለን ያወጣነው ደንብ አይደለም፤ የኖረ ነው። የመምህር ባሮክን ታስታውሻለሽ።»

ሶልያና ታስታውሳለች። መምህር ባሮክ ከአራት ዓመት በፊት ዕጣ ወጥቶበት ሳተ። በዓመቱ ሚስቱ ስትሞት ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኗን በእጅ ጋሪ እየገፋ በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ፣ ሶልያና ወፍጮዋን አጥፍታ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ነበር። አልወጣችም። ማንም አልወጣም።

«አባትሽ ግን» ቀጠሉ ጋሽ ሮቤል፣ «እስከ እሑድ ባለው ጊዜ እግዚአብሔር ቢጠራቸው፣ ሰኞ ገበያ አይታው የማታውቀው ቀብር ነው የሚሆነው። አንቺም ከዕጣው ትወጫለሽ፣ ከተማዋም እግር ያለው ሰው ታገኛለች። እሳቸውስ ቢሆኑ ዕድሜ ጠግበዋል።»

«ጋሽ ሮቤል፣ አባቴ እንዲሞት ነው የሚለምኑኝ?»

«ኧረ እኔ አንቺን አልለመንኩም። የምለምነው እግዚአብሔርን ነው።»

«እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይለምኑ! ውጡልኝ ከቤቴ!»

ጋሽ ሮቤል ካፖርታቸውን አስተካክለው ወጡ። በሩ ላይ ቆም ብለው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር አዩት።

መጋረጃው ስስ ስለነበር አባባ ናትናኤል ሁሉንም ሰምተዋል። የማታውን ክኒን ስትሰጣቸው አፋቸውን ገጠሙ።

«ይቅርብኝ።»

«ምኑ ነው የሚቀርብህ?»

«እኔ እንደሁ ዛሬ ነገ የምል ሰው ነኝ። ባሮክ ሚስቱን በጋሪ ሲገፋ በዚህ መስኮት አይቻለሁ። አንቺ እኔን እንደዚያ እንድትገፊኝ አልፈልግም።»

«ዋጠው፣ በሞቴ!»

«በማን ሞት? ዘንድሮ ሞት የኔ ብቻ ነው» አሉና ፈገግ አሉ።

ሶልያና ግን አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «አንተ ክኒንህን ካልዋጥክ እኔም እህል አልቀምስም። አብረን እንሙትላቸውና ደስ ይበላቸው!» አባትየው ክኒኑን ተቀብለው ዋጡ። «ክፋትሽ በእናትሽ ወጣ» አሉ ውሃውን እየጠጡ። «ደግሞ እወቂ፣ ሰው ለመቅበር አራት ሰው ይበቃል። የቀረው ለወሬ ነው የሚመጣው። አርባ ዓመት አይቼዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ፣ ሶልያና አጥሚቱን እያማሰለች ሳለ ጥሩምባ ተነፋ።

«እድርተኛ ስማ! የወፍጮ ቤቷ የሶልያና አባት፣ አባባ ናትናኤል አርፈዋልና በቤታቸው ለለቅሶ ተገኝ! አልሰማሁም ማለት አያዋጣም!»

አባባ ናትናኤል ማንኪያቸውን አፋቸው ጋ አድርሰው አቆሙት። «የትኛው ናትናኤል ነው የሞተው?» አሉ። በእሳቸው ዕድሜ ካለ ሽማግሌ ግማሹ ናትናኤል ነውና ጥያቄያቸው ጥያቄ ነበር። ቀጥሎ «ወፍጮ ቤቷ» የሚለው ገባቸውና ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ሶልያና በሩን በርግዳ ወጣች። ግቢዋ ውስጥ ወንዶች ካስማ ይመታሉ፤ ሸራው ግማሽ ቆሟል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በበሩ ይጎርፋሉ። ከሁሉም ፊት ማርሲላስ አለች፣ ደረቷን እየደቃች፦ «ወየው አባቴ! ወየው ደጉ ሰው! የሁላችን ቀባሪ!» እውነተኛ እንባ ነው የሚወርዳት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ያን ዓመት መስከረም በጊዜው እንደሚጠባ የተረጋገጠው ያን ዕለት ነው።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት ጋሽ ሮቤል፣ እጇን ጨብጠው እንደማቀፍ እያደረጉ። ከዚያ በጆሮዋ ተናገሩ። «አልቅሺ። የዕጣው ታዛቢ እየመጣች ነው። አባትሽ ከውስጥ አይውጡ፣ ይኸው ነው። ነገ ሌላ ዕጣ ይወጣል፤ ከሠላሳ አንድ የሚያንስ ሰው እንደሁ ከተማው ውስጥ የለም።»

«መድኃኒቱስ? ሞቷል ለተባለ ሰው ሐኪሙ ስክሪን ላይ ይወጣል? ክኒኑ ይላካል?»

ጋሽ ሮቤል ዓይናቸውን ሰበሩ። «እሱ እንግዲህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አሉ።

በዚህ መሃል የታዛቢዋ ጭልፊት፣ በራሪ ካሜራዋ፣ ከአጥሩ በላይ መጥታ መዞር ጀመረች፤ ዓይኗ አንድ ነው፣ ክንፏ ድምፅ የለውም። ከኋላዋ ታዛቢዋ ራሷ፣ ብሌን የምትባል ጥቁር የለበሰች ወጣት፣ ገብታ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ያዘች። ጥሩምባ በተነፋ በሰዓቱ ለቅሶ ቤት መገኘትና መመስከር ሥራዋ ነው። ለቅሶው ጨመረ። ንፍሮ መዞር ጀመረ።

ያኔ የቤቱ በር ተከፈተ። አባባ ናትናኤል ጋቢያቸውን ደርበው፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተራመዱ ወጡ። ሙሾው በማርሲላስ አፍ ላይ ደረቀ። ሽማግሌው ማንንም አላዩም፤ ያዩት ድንኳኑን ነው። ዞረው የምሥራቁን ጥግ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ይኼን ካስማ ማነው የተከለው?» አሉ። «ነፋስ ቢመጣ ሐዘንተኛው ላይ ነው የሚወድቀው። አርባ ዓመት ያስተማርኳችሁ ይኼንን ነው?»

አግዳሚው ላይ ገብተው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ንፍሮ የምታዞረው ሴት ሳታስበው ሰጠቻቸው። ዘገን አድርገው አኘኩ። «ጨው አንሶታል» አሉ።

ብሌን ተነሳች። ድምፅዋ ተራ ነው፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው። «እኚህ አባት ማን ናቸው?»

«አናውቃቸውም» አሉ ጋሽ ሮቤል፣ ሳያቅማሙ። «ለቅሶ ሰምተው የገቡ እንግዳ ይሆናሉ።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ማርሲላስ ዞራ።

ማርሲላስ እናቷን አባባ ናትናኤል በተከሉት ድንኳን ሥር ነው ያለቀሰችው፤ ባሏንም እንዲሁ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «አይቻቸው አላውቅም» አለች።

«ከእናንተ መካከል እኚህን ሰው የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አለች ብሌን። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር። ጭልፊቷ ዝቅ ብላ በፊታቸው ላይ አንድ በአንድ አለፈች። ጥሩምባ ነፊው የጥሩምባውን አፍ እየፈተሸ አቀረቀረ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ እጅ አልወጣም።

ብሌን ወደ ሶልያና ዞረች። ሶልያና አፏን ሳትከፍት አባቷ ቀደሟት።

«የኔ ልጅ፣ እሷን አታድክሚያት» አሉ አባባ ናትናኤል። «እንግዳ ነኝ። መንገድ ሳልፍ ንፍሮ ሸተተኝና ገባሁ። ይቺ ልጅ አባቷ ሞቶባታል፤ ከሐዘንተኛ ጋር ምን ክርክር አለ?» ይህን ሲሉ ሶልያናን አላዩዋትም።

ሶልያና አባቷን አየች። ሕዝቡን አየች። አንድ ቃል ብትዋሽ እሑድ ሜዳ አትቆምም፣ ከእድር አትሰረዝም፣ በሰላም ታስፈጫለች። ዋጋው ደግሞ ከፊቷ ቁጭ ብሎ ንፍሮ እየበላ ነው።

«አባቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «አባቴ ነው፣ ናትናኤል ነው፣ አልሞተም! እናንተ አፈር ብሉ!»

ብሌን አንገቷን ነቀነቀች። «የሥጋ ዘመድ ቃል ይቀድማል። ዕጣው በሶልያና ይጸናል። የነዋሪዎቹም ቃል እንዳለ ተመዝግቧል፤ እኚህን ሰው አያውቋቸውም።» በሐሰት ለተነፋ ጥሩምባ ሕጉ ቅጣት የለውም፤ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረምና። ታዛቢዋ ጭልፊቷን አስከትላ ወጣች።

ድንኳኑ በደቂቃ ፈረሰ። ቅዳሜ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነበር፤ ወደ ሶልያና ቤት የሚገባውን ቧንቧ አንድ ሰው ጠምዝዞ ዘጋው። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰገራ ተቀባ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ሲያርፍ ዋለ። ከመምሸቱ በፊት በሩ ሲንኳኳ ሶልያና የወፍጮውን ብረት ይዛ ነው የከፈተችው። መምህር ባሮክ ነበር።

«ነገ አንቺ ስትሄጂ ከእሳቸው ጋር ማን ይቀመጣል?» አለ። «እኔ እቀመጣለሁ።»

ሶልያና ብረቱን ጣለች። «መምህር፣ እኔ ያን ጊዜ... የሚስትህ ለት አልወጣሁም።»

«አውቃለሁ» አለ ባሮክ። «ያልወጣውን ሁሉ አውቃለሁ። እግረ መንገዴን ውሃ አምጥቻለሁ፣ የት ላስቀምጠው?»

እሑድ ጨዋታው ገለልተኛ በሆነ ሩቅ ከተማ ሜዳ ተደረገ። ከዋርካ ሜዳ ዕጣ የወጣበት ሰው ኪሩቤል ይባላል፤ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፣ ሆዱ ቀደም ያለ፣ ላቡ ከጠዋት ጀምሮ የሚንቆረቆር። በሁለቱ መካከል አንዲት ኳስ ተቀምጣለች። ከግራም ከቀኝም ሕዝቡ ይጮኻል፤ የሶልያና ከተማ ሰዎች የሚጮኹት ግን ስሟን አልነበረም። «ጥሩምባ! ጥሩምባ!» ነበር የሚሉት፣ ብትስት የማይነፋላትን።

ሰኞ ገበያ መብቷን ተጠቅማ ቀድሜ ልምታ አለች። ኪሩቤል በር ላይ ቆመ። አሠልጣኞቹ ከቀበሌዋ ግድግዳ መዝገብ አንብበው ሶልያና ሁልጊዜ ወደ ግራ እንደምትመታ ነግረውታል። ሶልያናም ወደ ግራ ነው ያሰበችው። ነገር ግን እግሯ ሣሩ ላይ አዳለጣት፤ ኳሱን በጣቷ ጫፍ ነካችውና እየተንከባለለ፣ እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተ፣ መሃል ለመሃል ሄደ። ኪሩቤል ገና ድሮ በግራዋ በኩል ተወርውሮ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ኳሱ በእግሮቹ አጠገብ አልፎ ገባ።

ቦታ ተቀያየሩ። ሶልያና በሩ መሃል ስትቆም እጇን ወዴት እንደምታደርገው እንኳን አታውቅም። ኪሩቤል ሮጦ መጣ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች፣ አልተንቀሳቀሰችም። ኳሱ መጥቶ ቅልጥሟን መታት፤ ሕመሙ እስከ ጥርሷ ደረሰ። ዓይኗን ስትገልጥ ኳሱ ሩቅ ነበር።

ይኼው ነው እንግዲህ። ተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ የሮጡት፣ አዋቂዎቹ ስንት ዘመን የተከራከሩበት ፍትሕ፣ በአንዲት ዱቄት ፈጪ ቅልጥም ተፈጸመ። ሰኞ ገበያ አደገች።

ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገባና ሶልያናን በትከሻው አነሳት። ማርሲላስ እግሯን ትስማለች፤ ያንኑ ቀኝ እግር። ጋሽ ሮቤል ካፖርታቸውን እያውለበለቡ ያለቅሳሉ። «አውርዱኝ» አለች ሶልያና። አልሰሟትም። «አውርዱኝ እኮ ነው የምለው!» ከትከሻቸው በላይ ሆና ያየችው ኪሩቤልን ነበር። ሜዳው መሃል ብቻውን ቆሟል። የከተማው ሰዎች አንድ በአንድ ጀርባቸውን እያዞሩለት ይወጣሉ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሰኞ ገበያ ውሃዋ በየቀኑ ይወርድ ጀመር። ባቡሩ ቆመ። እውነተኛ ሐኪም መጣና የአባባ ናትናኤልን ደረት በእጁ ዳሰሰ፤ የቆየ ነገር ነው፣ ማድረግ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው አለ። ሕመም ሳይበረታባቸው ሰነበቱ። ጥቅምት ላይ በአንድ አመሻሽ፣ ሶልያና እጃቸውን እንደያዘች፣ መስኮቱን እያዩ አረፉ። ለማንም አልተናገረችም። ወደ ባሮክ ብቻ ሄደች።

ሐኪሙ ግን ማታውኑ ሊያያቸው መጥቶ ሞታቸውን መዝግቦ ነበርና ጥሩምባው ሳይጠራ ተነፋ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከተማው ነቅሎ መጣ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለማንም ተሰብስቦ አያውቅም። ከፊት አዲስ ድንኳን፣ ገና ማሰሪያው ያልተፈታ፣ አራት ጎልማሶች ተሸክመዋል። ካስማውን አሳምረው የሚተክሉ ሰዎች ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ጠርተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ሮቤል ባዶ ራሳቸውን ሆነው ግንባር ቀደም ቆሙ።

ሶልያና በአጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። በሩን ግን በእጇ ይዛዋለች።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ሮቤል። «አባታችንን ልንቀብር ነዋ። ከተማዋን ያሳደግሽ ልጅ፣ ከአንቺ አባት ቀብር ምን ብለን እንቀራለን?»

«ለአባቴማ አልቅሳችሁለታል። ዓርብ ለት፣ ጥሩምባ ነፍታችሁ፣ ንፍሮ በልታችሁ ጨርሳችኋል። ለአንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም።» በአገጯ ወደ ቤቱ አመለከተች። «እዚህ ቤት ውስጥ የተኛው ያ ንፍሮ ሸትቶት የገባው እንግዳ ነው። አናውቀውም ብላችኋል። እጁን ያወጣ ካለ ይለፍ።»

ማርሲላስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ሁሉ ሰው ወደፊት አንድ እርምጃ የተራመደ አልነበረም።

የቤቱ በር ተከፈተ። ባሮክ በፊት፣ ኪሩቤል ከጎኑ፣ የኪሩቤል ሚስት ከኋላ ቃሬዛውን ይዘው ወጡ። ኪሩቤልና ሚስቱ ባሮክ ልኮባቸው በመጀመሪያው ባቡር ከዋርካ ሜዳ የመጡ ናቸው፤ የእነሱም ስም ከእድራቸው ከተሰረዘ ሰንብቷል። ሶልያና የአጥሩን በር ለቅቃ ሄደችና አራተኛውን እጀታ ያዘች።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀ። አራቱ በመካከሉ አለፉ። አዲሱ ድንኳን ማሰሪያው ሳይፈታ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ዋለ።